ምጥ አስተማሪው

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ጀበና ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። ያነሳው በቅርቡ አባት የሆነ ወጣት። ሚስቱ በወለደች በ4ኛው ቀን ማልቀስ ጀምራለች። ልጁ ጤነኛ ነው፣ ወተቷም መጥቷል፣ ገንፎውም አልተቋረጠባትም። "ታዲያ ምን ሆነች?" አለን። የእሱም ዓይን በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

እንጨት ቤት ያለው ወዳጃችን ቀደመ። ይሄ ሰው ስለ ዋንዛና ስለ በርጩማ ሲያወራ አፍ ያስከፍታል። ስለ አራስ ሲያወራ ግን አፉን ቢዘጋ ይሻለው ነበር።

"የዘንድሮ ሴቶች ስልክ ላይ ያዩትን ነው የሚያለቅሱት" አለ። "እናቴ ዘጠኝ ወልዳለች። በሳምንቷ ቡና ለቀማ ትወርድ ነበር። ሆርሞን ምናምን የሚባል ነገር እኛ ቤት አልገባም። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!" ብሎ ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

ከአዳር ተረኛነት የወጣች አዋላጅ ነርስ አብራን ነበረች። ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ወጣቱ ዞራ ነው ያወራችው። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ እርግዝናውን ይዘው የቆዩት ሆርሞኖች በጥቂት ቀን ውስጥ ቁልቁል ይወርዳሉ አለችው። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለም፣ ሕመም አለ። 3ኛው፣ 4ኛው ቀን አካባቢ ሆድ የሚብሳቸው ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። "ከዚያ ካለፈ፣ ወይ ልጁ ተኝቶላትም እሷ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ጤና ጣቢያ ይዘሃት ና። ራሴን ወይ ልጁን እጎዳለሁ የሚል ሐሳብ ከመጣባት ግን ያኔውኑ። አንድ ቀን አታሳድር።"

"ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" አለ ባለ እንጨት ቤቱ፣ አሁን ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

ሲስተር አልሰማችውም፤ ወይም ሰምታ ትታዋለች። ማህፀኗ ወደ ቦታው እስኪመለስ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል አለች። ደሙም እየቀነሰ ሳምንታት ይቆያል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴሱን የሚያርስ ደም ካየህ ግን ሩጥ። ልጁ ጡት በያዘ ቁጥር ሆዷን ቁርጥ የሚያደርጋት ማህፀኗ እየተኮማተረ ስለሆነ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጡቷ ሲያግት መንካት አይቻልም። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል። ከጥቂት ወር በኋላ ጸጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ሲወጣ ደግሞ እንዳትደነግጥ ንገራት፣ ይመለሳል።

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የሚኖሩት የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ፣ ለአምስት አባወራ አንድ። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሚስቱ ስፌት አለባት። ሌሊት በጭቃው ላይ ግድግዳ እየያዘች፣ እግሯን ሳትገጥም፣ አንድ እርምጃ ሄዳ ቆም እያለች ነው የምትደርሰው። ሽንቱ ስፌቱን ሲነካው ጥርሷን ትነክሳለች። ይህችን ሴት ነው እንግዲህ "ስልክ ላይ ያየችውን ታለቅሳለች" የሚሏት።

ባለ እንጨት ቤቱ አልተረታም። ማባበል ያሰንፋታል፣ ሴት ልጅ ጠንካራ ናት፣ እናቴ አንድ ቀን ስታለቅስ አላየሁም። እያለ ቀጠለ። አንቀልባ ውስጥ ሆኖ ምን ሊያይ ኖሯል?

መልሱ የመጣው ቡናውን ከሚያፈሉት እማማ ነው። ቶናውን እየቀዱ፣ ቀና ሳይሉ። "እኔ አልቅሻለሁ ልጄ። በሦስቱም። ጓዳ እገባለሁ፤ ሰው ሲመጣ ጭሱ ነው እላለሁ። ባሌ ጭሱ ነው እንዳለ ነው የሞተው።"

ዝም ተባለ። ከዚያ ሲስተር አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። "ጋሼ፣ እናትዎ ሲያርሱ ማን ነበር አጠገባቸው?"

"ማን ያልነበረ!" አለ በኩራት። አያቱ እግሯ ሥር ይተኛሉ። አንዷ ጎረቤት ማርቃውን ታገነፋለች፣ አንዷ ውሃ ትቀዳለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች። ትልልቆቹን ልጆች የሚያበላ ሌላ ቤት ነው። በገዛ አፉ ጨረሰው። ግን አልገባውም። ሲኒውን አስቀምጦ "ብቻ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ነው የናንተ ነገር" ብሎ ሊሄድ ተነሳ። እናት ብታስተምር እሺ። ምጥ በዞረበት ያልዞረ ወንድ ምን ቤት ነው?

እኔን የሚያበሳጨኝ እሱ ብቻ አይደለም። እነዚያ ጎረቤቶች የት ሄዱ? ሁሉም በሩን ዘግቷል። አራስ ጥየቃ የሚመጣውም ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ ልጁን ፎቶ አንስቶ፣ "ቡና የለም እንዴ?" የሚል ነው። አራሷ ተነስታ ታፈላለች። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" በስልክ ሆኗል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ከወሊድ በኋላ ለእናት 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። በ4ኛው ቀን ለቅሶው ሲጀምር እሱ ሥራ ገብቷል ማለት ነው። በቀን ሥራ ቡና የምትለቅመዋ ደግሞ ፈቃድ የሚጽፍላትም የለም።

ክርስትናው ሲደርስ ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ድንኳን ከነወንበሩ፣ ዲጄ ከነስፒከሩ፣ ቪዲዮ፣ ዲኮር፣ ስሙ የተጻፈበት ኬክ። አራሷን ለአንድ ወር የምታግዝ ሴት እንቅጠር ሲባል ኑሮ ተወደደ።