ሳይታጠብ መታጠን

በግቢያችን የጋራ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ሣጥን ተሰቅሏል። ፊቱ ላይ ሐምራዊ አበባ ተስሎበታል፤ ከአበባው በላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ከመብራቷ ሥር ደግሞ ሽቶ የሚተፋ ቀዳዳ አለ። ሰው ገባ አልገባ ጉዳዩ አይደለም፤ ሰዓቱ ሲደርስ «ፍስስ!» ይላል። የሰቀለው ልጅ ቁመቱ ከእኔ ጋር እኩል ነው መሰለኝ፣ ቀዳዳው ያነጣጠረው ልክ አፌ ላይ ነው። ትናንት ጠዋት እያዛጋሁ ስገባ ጠብቆ አጎረሰኝ። ከዚያ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ሰርግ አለብህ?» አሉኝ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሳቁን ዋጠ።

ሽታውን አባርሮት ቢሆን ምን ነበረበት፣ ሙሽራ መስዬ እውል ነበር። አላባረረውም። የድሮው ሽታ እንደ ነባር ተከራይ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። አዲሱ መጣና ተጋቡ፤ ተጋብተውም ሦስተኛ ወለዱ፤ ልጁ ከእናቱም ከአባቱም ባሰ።

አከራያችንን በጨዋ ደንብ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር።

«እትዬ፣ ሽታው እኮ ከወለሉ ቀዳዳ ነው የሚመጣው። ጠዋት ጠዋት አንድ ጆግ ውኃ ቢደፋበት ይጠፋል።»

«ውኃ? ለሰው የጠፋውን ውኃ ቀዳዳ ላጠጣልህ? አንተ ደግሞ! ይህን ዕቃ ልጄ ናት ከባሕር ማዶ የላከችልኝ።»

ከባሕር ማዶ በተላከ ዕቃ ላይ ክርክር የለም። በዚህ አገር በአውሮፕላን የመጣ ነገር ሁሉ ባይሠራም ይሠራል።

የውኃውን ነገር ግን እውነታቸውን ነው። ጎንደር ውኃዋን የምታገኝበት አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ ከተማው ደግሞ በየአቅጣጫው እየሰፋ፣ ውኃ የሚደርሰን በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ሌሊት ይወዳል። ጎንደር ውስጥ በውድቅት ሌሊት በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሰው ብታዩ «ሌባ!» ብላችሁ እንዳትጮሁ። በርሜሉን ሊሞላ ነው።

እኔ የጠየቅኩት ግን አንድ ጆግ ነው። እግር የታጠቡበት፣ ልብስ ያለቀለቁበት ይበቃል። ከወለሉ ቀዳዳ ሥር ያለው ቱቦ ታጥፎ የተቀበረው የቧንቧ ሠራተኛው እጁ ተንሻፎበት አይደለም። እጥፋቱ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይቀራል፤ የጉድጓዱ ጋዝ ወደ ቤት እንዳይወጣ የሚዘጋው ያ ውኃ ነው። ባለሙያዎቹ ሲፎን የሚሉት ይህንኑ ነው። በ1775 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ እንዲህ የታጠፈ ቱቦ ላለው መጸዳጃ የፈጠራ መብት አወጣ፤ ዓለም እስከ ዛሬ በእሱ እጥፋት ይኖራል። ታዲያ ውኃው በበጋ ተንኖ ካለቀ እጥፋቱ ባዶ ቱቦ ነው፤ እንደ ክፉ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሰተት ብሎ ይገባል። እኛ ደግሞ ሐምራዊ አበባ ይዘን እንቀበለዋለን።

የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በ1858 እ.ኤ.አ. በጋ የለንደኑ ቴምዝ ወንዝ በከተማው ፍሳሽ ከርፍቶ የፓርላማ አባላቱን መቀመጫ አሳጣቸው። ምን አደረጉ? የመስኮቶቻቸውን መጋረጃ ክሎሪን ባለው ኖራ ነከሩት። ሽታው መጋረጃ አልፈራም። ኋላ ነው ጆሴፍ ባዛልጌት በተባለ መሐንዲስ መሪነት ከከተማው ሥር ቆፍረው ትልልቅ የፍሳሽ መስመር የዘረጉት። እትዬ ገና መጋረጃው ላይ ናቸው።

«ቂጥ ገልቦ ክንብንብ» ይላል ያገሬ ሰው። ከተረቶች ሁሉ ይህችን ለብቻዋ እወዳታለሁ። ሽማግሌ ፊት አትነገርም፣ ቄስ ፊት አትነገርም፣ ግን ሽማግሌውም ቄሱም ያውቋታል። በሦስት ቃል ሰፈሩን ሁሉ ፎቶ አንሥታ ታሳያለች። ምን ጊዜ ትዝ እንደምትለኝ ልንገራችሁ፦ የቤት ምረቃ በተጠራሁ ቁጥር።

በቅርቡ የተጠራሁበት ቤት የብረት በሩ ላይ ሁለት አንበሶች ተፋጠዋል። የሳሎኑ ኮርኒስ ጂፕሰም ነው፤ በየጥጉ ሰማያዊና ቀይ መብራት ተቀብሮበታል። ብፌው ውስጥ የሰው ከንፈር ነክቷቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ጠላው ሥራውን ሠርቶ «ሽንት ቤት በየት ነው?» ስል የባለቤቱ ፊት ተለዋወጠ። ልጁን ጠራና፣ «አሳየው» አለው በዝግታ። ልጁ ባትሪ አብርቶ ከፊት ከፊቴ እየሄደ፣ በጓዳ በኩል ወጥተን፣ የዶሮ ቤቱን አልፈን፣ በር በሌለው ቆርቆሮ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ የተጋረደበት ቦታ አደረሰኝ። ጆንያውን ገለጥ አድርጌ ገባሁ። ውስጥ ምን አገኘሁ? ሚስማር ላይ የተንጠለጠለች፣ ጥድ ዛፍ የምትመስል የመኪና ሽቶ። እዚያ ድረስ እንኳን መኪና በቅሎ የምታልፍበት መንገድ የለም።

ባለቤቱ ስመለስ «አገኘኸው?» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ! ከአንበሶቹ የአንዱ ዋጋ ደህና በር ያሠራ ነበር። አንበሳውን መንገደኛ ያየዋል፣ ጆንያውን የሚያየው እንግዳ ብቻ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በልቶ ጠጥቶ ስለሚሄድ አያማም ብሎ አስቧል። እኔ ግን ይኸው።

ሽንት ቤት ካነሣሁ አይቀር አንድ ቂም አለኝ፤ ይውጣልኝ። ፒያሳ አካባቢ ያለ ካፌ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ማኪያቶው ጥሩ ነው። ሽምግልና ሊሄዱልኝ ቃል ከገቡ ሦስት አዛውንት ጋር ተቀምጫለሁ። ኮት ለብሻለሁ፣ አንገቴን ደፍቻለሁ፣ «እርስዎ እንዳሉት» እያልኩ ነው። መጨረሻ ላይ አልቻልኩም። ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ቁልፍ ጠየቅኩ። ቁልፉ የታሰረው ክንድ በሚያህል አጣና ላይ ነው። «እንዳይሰረቅ ነው» አሉኝ። የሽንት ቤት ቁልፍ የሚሰርቀው ማነው? ሰርቆስ የት ሄዶ ሊከፍትበት? አጣናዬን ይዤ በሦስቱ አዛውንት ፊት በክብር አለፍኩ። በሩ ጋ ስደርስ አስተናጋጇ ከቤቱ ወዲያኛው ጫፍ ሆና፦

«ጋሼ! ውኃ ሄዷል! ሽቶ ግን አለ፣ መስኮቱ ላይ ነው!»

ቤቱ ዝም አለ። የቡና ማሽኑ እንኳ ዝም አለ። የሽምግልናውን ውጤት አትጠይቁኝ። ከአዛውንቱ አንዱ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥለው፣ «ሆድህስ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

እኔስ ደንበኛ ነኝ፤ አጣናው ይሰጠኛል። ደንበኛ ያልሆነውስ? እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ እልል ብለናል፤ ደግ አደረግን። በጥር ከተማው በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ታቦት አጅቦ የሚውለው ሕዝብ መንገድ ያጣል። ያ ሁሉ ሰው በልቷል፣ ጠጥቷል። የት ይሂድ? በየአጥሩ በጥቁር ቀለም «እዚህ የሚሸና ውሻ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ውሻ ማንበብ አይችልም፤ ማንበብ የሚችለው ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አልተጻፈለትም። ወንዱ እንኳ ተሳድቦም ቢሆን አጥር ያገኛል። ቅዳሜ ገበያ ከንጋት እስከ ማታ ሽንኩርት ዘርግታ የምትውለውን ሴት ጠይቋት፤ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። በዚያ ፀሐይ! ከዚያ ኩላሊቷን ሲያማት «ጉንፋን ነው» ይሏታል። ለዚህች ሴት ሽቶ የሚልክ ዘመድ የለም፣ ደግሞም የሚሰቀልበት ግድግዳ የላትም።

እኛ እኮ የመታጠቢያ ድሃ ሆነን የተፈጠርን አይደለንም። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ያደረጉ ንጉሥ፣ ስማቸው የተጠራበት ጥምቀተ ባሕር ዛሬም ከቀሃ ወንዝ ውኃ ተስቦለት በየዓመቱ ይሞላል። በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ፍርስራሽ አለ፤ አስጎብኚው እዚያ ሲደርስ ድምፁ ከፍ ይላል። ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 እ.ኤ.አ. ታላቁን ኢያሱን ሊያክም ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ እዚህ ገብቷል። ዛሬ ቢመጣና ካፌ ገብቶ ቢቸግረው፣ «ምን አዝዘሃል?» ብለው ይመረምሩታል፤ ማኪያቶ ካላዘዘ አጣናው አይሰጠውም። ቤተ መንግሥቱን በ1979 እ.ኤ.አ. ዓለም በቅርስነት መዘገበልን። የእንፋሎት ቤቱን እናስጎበኛለን፤ እንግዳው ጉብኝቱን ጨርሶ ጆሮአችን ላይ ጠጋ ብሎ አንድ ጥያቄ ሲጠይቀን ግን ወደ ሰማይ እናያለን።

አያቴ ደንቢያ ነበሩ። ቧንቧ አያውቁም፣ ሲፎን አያውቁም፣ ሐምራዊ አበባም አልተላከላቸውም። ጓሮ ያለው ጉድጓድ ግን አይሸትም ነበር። ጠዋት ምድጃ ሲጠርጉ አመዱን በእንስራ ስባሪ ይሰበስቡና ከደጃፉ ያስቀምጣሉ፤ የተጠቀመ ሁሉ አንድ እፍኝ ነስንሶ ይወጣል። አመድ እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ዝንቡን ያባርራል፣ ሽታውን ያፍናል። የረሳ ልጅ ወዮለት። «አንተ! ድመት እንኳ አፈር ትመልሳለች!» ሲሉ ድምፃቸው ጎረቤት ይሰማል።

ጋን ሲያጥኑ ደግሞ ማየት ነበር። ለጠላ የሚሆነውን ጋን መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ያሹታል፤ ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ጋኑ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ያለቀልቁታል፣ ያሸቱታል፣ እንደገና ያሹታል። አረንጓዴው ታጥቦ ንጹሕ ውኃ ሲወርድ ነው ወይራ ለኩሰው ጋኑን በጢሱ ላይ የሚደፉት። አንድ ጊዜ ምራታቸው ቸኩላ ሳታጥብ ልታጥን ስትል ደረሱባት። የተናገሩትን እዚህ መጻፍ አልችልም፤ ከላይ የወደድኩላችሁን ተረት ግን ያስንቃል። ያ ጋን ለፋሲካ አልተጠመቀበትም። ምራቲቱም ያን ፋሲካ አኩርፋ ከእናቷ ቤት ዋለች፤ አጎቴ በግ ተሸክሞ ሄዶ ነው ያመጣት። እሱ ሌላ ታሪክ ነው፤ በጉ መንገድ ላይ አምልጦት...

አዎ፣ ሣጥኑ። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ቀዳዳው ላይ ውኃ ይደፋ። ቤት ዘግታችሁ ክፍለ አገር የምትሄዱ ከሆነ ከውኃው በላይ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ይሸፍነዋል (በዛሬው የዘይት ዋጋ ይህን መምከሬን እትዬ እንዳይሰሙ)። የአየር ማስገቢያዋን መስኮት ክፈቱ፤ የኛዋ በዘይት ካርቶን ተወትፋለች፤ «ድመት ይገባል» ተብሎ። ለምን እንደሚገባ አይገባኝም፤ ሽታውን ችሎ የሚገባ ድመት ካለ ይግባ። እናንተ የጎረቤት ወይዛዝርት ደግሞ፣ በረኪናና አሲድ ያለበትን ማጽጃ አንድ ላይ «ይበልጥ ያጠራል» እያላችሁ አትደባልቁ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ ባለፈው እያሳለች የወጣችው ልጅ «የሰው ዓይን ነው» ተብላ ጠበል ልትወሰድ ነበር።

ትናንት ማታ እትዬ ደብተር ይዘው በየበራችን እየዞሩ ነበር። የሣጥኑ ባትሪ ደክሟል፣ ሽቶውም መሙያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በነፍስ ወከፍ መዋጮ ተቆርጧል። እንግዳ የሚያበዛ እጥፍ ይከፍላል። እንግዳ የሚያበዛ ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

«ለባትሪ የሚሆን ብር የለኝም እትዬ» አልኳቸው። «ለጆግ ከሆነ ነገ ገዝቼ እመጣለሁ፤ ያውም ክዳን ያለው።»

ደብተራቸው ላይ ስሜ አጠገብ አንድ ነገር ጻፉና መልስ ሳይሰጡኝ ወደሚቀጥለው በር አለፉ።