ቁጥሩ ይቅደም ወይስ ሰዉ? ስለ ሰርጀሪ ሬዚደንሲ ምርጫ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ መነሻ፦ አንዲት ወጣት ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ለጄኔራል ሰርጀሪ ሬዚደንሲ (የ5 ዓመት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሥልጠና) አመልክታ ኢንተርቪዎቿን ጨርሳለች። የቀራት ፕሮግራሞቹን በምርጫዋ ቅደም ተከተል ደርድራ ለማች (አመልካቾችንና ፕሮግራሞችን በየምርጫቸው ለሚያገናኘው ስሌት) ማስገባት ነው። ውጤቱ በማርች ሦስተኛው ዓርብ ሲወጣ አስገዳጅ ውል ስለሆነ ሐሳብ መቀየር አይቻልም። ከሦስተኛ በታች ያለው ዝርዝሯ አልቋል። አንደኛው ላይ ግን ተይዛለች። «ሀ» ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ነው፤ ተመራቂዎቹ ከ1,200 በላይ ኬዝ (የሠሩት ኦፕሬሽን) ይዘው ይወጣሉ፣ ሬዚደንቶቹ ግን በኢንተርቪው ቀን ቃል ሲቆጥቡ ነበር። «ለ» መካከለኛ የማኅበረሰብ ሆስፒታል ነው፤ ኬዙ 950 አካባቢ ላይ ይቆማል፣ ሬዚደንቶቹ ግን ሲጨዋወቱ ማንም ሰው አብሯቸው መቀመጥ ያምረዋል። ተከራካሪዎቹ ሥልጠናውን ከጨረሰ ዓመታት ያለፉት አንድ ሰርጀንና የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ያለች አንዲት ቺፍ ሬዚደንት ናቸው።

ሰርጀኑ፦

እኔ «ሀ»ን አስቀድሚ ባይ ነኝ። ከራሴ ስህተት ልጀምር። በጊዜዬ አንድ ፕሮግራም አንደኛ ያደረግሁት ከኢንተርቪው በፊት በነበረው ማታ በተጋበዝነው እራት ምክንያት ነው። ሬዚደንቶቹ ሳቂታዎች ነበሩ፤ ቺፉ ስሜን ሳይሳሳት ጠራኝ፤ አንደኛዋማ ስልኳን ሰጥታኝ «ና፣ ቤትህ ነው» ብላኛለች። ሄድኩ። እነዚያ የሳቁልኝ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ ተመርቀው ወጡ። አራተኛ ዓመቴ ላይ ኬዝ ሎጌን (የሠራሁት ኬዝ የሚመዘገብበትን) ከፍቼ ስደምር የቆሽት ኦፕሬሽን የሚባል ነገር በጣት የሚቆጠር ሆኖ አገኘሁት። የዚያ ቤት ልማድ ከበድ ያለውን በሽተኛ ሁሉ በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ነበር። ማንም አልደበቀኝም፤ እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።

የአሜሪካ የሰርጀሪ ቦርድ ለፈተና የሚያስቀምጠው በ5 ዓመት ቢያንስ 850 ትልልቅ ኬዝ ለሠራ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 200 በቺፍ ዓመት የተሠራ መሆን አለበት። ይህ ዝቅተኛው ነው። «ለ» ከዝቅተኛው በመቶ ኬዝ ብቻ ይበልጣል። በ950 እና በ1,200 መካከል ያለው 250 ኬዝ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ እጅ ላይ ግን ትንሽ አይደለም። የተለመደውን ሐሞት ከረጢት ማንም ይለምደዋል። የቆሰለው፣ ከአንጀት ጋር የተጣበቀው፣ ነገሩ ሁሉ ሥዕሉን አልመስል ያለው የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ያንን አንዴ ለማየት ብዙ ጊዜ መግባት ያስፈልጋል።

ሌላም ልጨምር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 ወዲህ ኢንተርቪው በአብዛኛው በቪዲዮ ሆኗል። ልጅቷ የ«ለ»ን ሬዚደንቶች ያየቻቸው በስክሪን ላይ ባሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ውስጥ ነው። በዚያ የ5 ዓመት ሕይወት ይወሰናል?

«ሀ አይወስደኝም» ብላ ፈርታ «ለ»ን ከላይ እንዳታደርግ ደግሞ። የማቹ ስሌት የተመሠረተው የሒሳብ ሊቃውንቱ ጌልና ሻፕሊ በ1962 ባወጡት ሐሳብ ላይ ነው፤ ከ1998 ጀምሮ የሚሠራበት ደግሞ ከአመልካቹ ምርጫ ይነሳል። «ሀ» ካልወሰዳት «ለ» ላይ ያላት ዕድል «ለ»ን አንደኛ አድርጋ ቢሆን ኖሮ ከነበራት በምንም አያንስም። ሻፕሊና አልቪን ሮት በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ዘርፍ ነው። በሚመኙት ልክ መጻፍ እንጂ በፍርሃት መጻፍ ጥቅም የለውም።

ቺፍ ሬዚደንቷ፦

ዶክተር፣ በመጨረሻው ነጥብ ክርክር የለኝም። «በዝርዝራችን ወደ ላይ አድርገንሻል» የሚል ኢሜይል ከፕሮግራም ደርሷት ከሆነም ትርሳው። ቃል እንጂ ውል አይደለም።

ግን የኬዙን ቁጥር ማን እንደሚጽፈው ያውቃሉ አይደል? እኛው ነን። ማታ ጫማችንን ሳናወልቅ ሶፋ ላይ ተጋድመን በስልካችን እናስገባለን። «ሰርጀን ነበርሽ ወይስ አሲስታንት (ረዳት)?» ይላል። ሰርጀን ለማለት ወሳኙን ክፍል ራስሽ መሥራት አለብሽ።

እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ለሁለት ወር የተላክሁበት አንድ ትልቅ ሆስፒታል ነበር። የሐሞት ከረጢት ኬዝ ገባሁ። ትሮካሮቹን (መሣሪያ የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች) አስገባሁ፤ ከረጢቱን ወደ ላይ አስያዝኩ። ከጉበቱ ሥር ያለው ሦስት ማዕዘን ጋ ስንደርስ አቴንዲንጉ (ኃላፊው ሰርጀን) «አንዴ ልይልሽ» አለና መሣሪያውን ከእጄ ወሰደ። ስቡን ያጸዳው እሱ ነው። ሲስቲክ ደክቱና አርተሪው (የከረጢቱ ቱቦና የደም ሥር) ብቻ ቀርተው ወደ ከረጢቱ ሲገቡ ያሳየኝ እሱ ነው። ክሊፕ ያደረገው፣ የቆረጠው እሱ ነው። ከዚያ «በይ ጨርሺ» አለኝ። ከረጢቱን ከጉበቱ ላይ ላጥኩ፤ ቆዳ ሰፋሁ። ያን ማታ «ሰርጀን» ብዬ አስገባሁ። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚያስገባው። የዚያ ቤት ተመራቂዎችም 1,200 አካባቢ ይዘው ይወጣሉ፤ ስንቱ «አንዴ ልይልሽ» እንደሆነ የሚያሳይ ዓምድ ግን ኬዝ ሎጉ ላይ የለም።

የቆሽቱንም ነገር አንስተዋል። «ሀ»ን በመሰለ ቤት ፌሎው (ሬዚደንሲ ጨርሶ ተጨማሪ ሥልጠና ላይ ያለ ሰርጀን) አለ። ዊፕል (ትልቁ የቆሽት ኦፕሬሽን) ሲኖር ከአቴንዲንጉ ፊት ለፊት የሚቆመው ፌሎው ነው፤ ቺፉ ብዙ ጊዜ ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚያቆይ መሣሪያ) ይዞ አንገቱን ያሰግጋል። ኬዙ በሆስፒታሉ መሠራቱ እርስዎ እጅ ላይ መድረሱን አያሳይም። «ለ» ላይ ፌሎው የለም። የመጣው ሁሉ የሬዚደንቱ ነው።

ሬዚደንቶቹ ቃል መቆጠባቸውንም ቀላል አያድርጉት። በሳምንት 80 ሰዓት፣ በ4 ሳምንት አማካይ የሚለው ገደብ ከ2003 ጀምሮ በመላ አገሪቱ አለ። ያ የነገርኳችሁ ሆስፒታል ላይ ግን ሰዓት ያለፈ ሰው «ሰዓትህን አስተካክል» የሚል መልእክት ይደርሰው ነበር። አስተካክል ማለት ሥራውን ቀንስ ማለት አልነበረም። ወረቀት ላይ ሁላችንም 79 ነበርን። እንግዳ አመልካች ሲመጣ ምን እንበል? ዝም።

ሰርጀኑ፦

እህቴ፣ «አንዴ ልይልሽ» ስትይ ሳቄ መጣ፤ እኔም ያልኩበት ቀን አለ። በሽተኛዬ ነዋ! የሆነ ሆኖ የነገርሽኝ ለእኔ የሚመሰክር ነው። ሬዚደንቶች የሚያስገቡት ቁጥር ከተጠረጠረ ሬዚደንቶች የማያስገቡትን እንይ። ቦርዱ የየፕሮግራሙን ተመራቂዎች ፈተና የማለፍ መጠን በይፋ ያወጣል። ማንም ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሞ አይጽፈውም።

ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል፦ ስንት ገቡ፣ ስንት ጨረሱ? በ2017 ጃማ ሰርጀሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር በጄኔራል ሰርጀሪ 18 በመቶ ያህሉ ሳይጨርሱ እንደሚወጡ አሳይቷል፤ ከሴቶቹ 25፣ ከወንዶቹ 15። አሜሪካዊው ሰርጀን ሃልስቴድ በ1889 ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ላይ ሬዚደንሲን ሲጀምር አሠራሩ ፒራሚድ ነበር፤ ብዙ ያስገባል፣ ጫፍ ላይ አንድ ሰው ይቀራል። ያ አሠራር ቀርቷል ይባላል። እኔ ግን የአንድ ዓመት ፕሪሊሚነሪ (ቀጣዩ ያልተረጋገጠ) ቦታ ይዞ ቀጣይ ዓመት ፍለጋ በየደጁ ሲል የከረመ ጓደኛ ስላለኝ ቀርቷል ስትሉኝ አላምንም። ስለዚህ ልጅቷ «ለ»ን ትጠይቅ፦ ባለፉት 5 ዓመታት ከገቡት ስንቱ ተመረቁ? በጣም የሚዋደዱ ስድስት ሬዚደንቶች ማለት ሰባተኛው የወጣባቸው ስድስት ሬዚደንቶች ማለትም ሊሆን ይችላል።

ቺፍ ሬዚደንቷ፦

ይህችን ተቀብያለሁ። «ሀ»ንም ግን ትጠይቅ። ሴቶቹ ለምን በብዛት ይወጣሉ የሚለውንም አብረን እንይ። በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው ጥናት ከ7,400 በላይ የሰርጀሪ ሬዚደንቶችን ጠይቆ ከሴቶቹ 65 በመቶ የጾታ መድልዎ ደርሶብናል ማለታቸውን ዘግቧል።

ሰርጀኑ፦

ይኸው! በቁጥር ተከራከርሽ።

ቺፍ ሬዚደንቷ፦

ተከራከርኩ፤ ግን ቀጥሎ ያለውን ይስሙ። ያው ጥናት ነገሩ ከፕሮግራም ፕሮግራም በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። የትኛው ፕሮግራም ምን ላይ እንዳለ ግን አልጻፈም። ልጅቷ 65 በመቶ መሆኑን ብታውቅ ምን ይረዳታል? እሷ መምረጥ ያለባት ከሁለት ቤት አንዱን ነው። ያንን የሚነግራት ሰው ብቻ ነው። እርስዎም «ስንት ጨረሱ» ብለው ሲያበቁ የሚቀጥለው ጥያቄ «የወጣው ለምን ወጣ?» ነው። አንዱ አንስቴዥያ (የማደንዘዣ ሕክምና) ወድዶ ነው የሄደው። ሌላው ራውንድ (የበሽተኞች ጉብኝት) ላይ በሰው ፊት ተዋርዶ ነው። ቁጥሩ ሁለቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

እርስዎ በእራት ግብዣ የተሳሳቱት ሰዎቹን ስላዩ አይመስለኝም። እንግዳ ሲቀበሉ ስላዩዋቸው ነው። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ለቦርድ ከሚያስፈልገው ውስጥ ቢያንስ 25 ኬዝ ቺፉ ራሱ አስተማሪ ሆኖ ጀማሪውን የሚያሠራበት ነው። ልጅቷ አንዱን ጀማሪ ሬዚደንት ለብቻው ይዛ «ቺፍህ መጨረሻ ያሠራህ ኬዝ ምን ነበር? አቴንዲንጉ የት ቆሞ ነበር?» ትበለው። «ታጥቦ አጠገባችን ነበር፣ እጁን ግን አላስገባም» ካላት እዚያ ቤት ሰው ሰርጀን ሆኖ ይወጣል። «እ... ቆይ ላስብ» ካለ 1,200ው ምን እንደሆነ ገብቷታል።

ሰርጀኑ፦

ጥያቄው ግሩም ነው፤ ለራሴ ሬዚደንቶች ሳልፈራ አልቀርም። መልሱን የሚሰጠው ሰው ላይ ግን አልስማማም። ያለበትን ቤት የሚያማ ጀማሪ አይገኝም። ነገ እዚያው ነው የሚያድረው። የወጣውን ታግኝ። አንድ ከ«ሀ»፣ አንድ ከ«ለ» ለቅቆ ሌላ ቦታ ያለ ሰው። ምንም የሚፈራው የለም።

ቺፍ ሬዚደንቷ፦

ቂምም ይኖረዋል።

ሰርጀኑ፦

ይኑረው። ከሳቅ ይሻላል።

ቺፍ ሬዚደንቷ፦

እሺ፣ ለሁለቱም ትደውል። ለማንኛውም የእኔ ምርጫ አልተለወጠም። ከ850 በላይ ካለፉ 950 እጄን ይዞ የሚያሠራኝ ቤት ይሻለኛል፤ «ለ»ን አንደኛ አድርጌ አስገባለሁ። የቆሽት ኬዝ ያነሰኝ እንደሆነ በኋላ ፌሎሺፕ አለልኝ።

ሰርጀኑ፦

ፌሎሺፕ የሚወስዱሽም እኮ የመጣሽበትን ቤት ያያሉ። እኔ የቦርዱን የማለፍ መጠን ከፍቼ፣ «ስንት ገቡ፣ ስንት ጨረሱ»ን ጠይቄ፣ ሁለቱም ደህና ከሆነ «ሀ»ን። የሬዚደንቶቹን ዝምታ እታገሠዋለሁ፤ ከአምስተኛ ዓመት ባዶ እጅ ይልቅ።

ቺፍ ሬዚደንቷ፦

አንድ ነገር ላክልና ላብቃ። ቀነ ገደቡ እስኪዘጋ ድረስ ሐሳቧን ብትቀይር ዝርዝሩን ማስተካከል ትችላለች፤ በነካካችው ቁጥር ግን መልሳ ሰርቲፋይ ማድረግ (ማጽደቅ) አለባት። ሰርቲፋይ ያልተደረገ ዝርዝር እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው። ዛሬ ማታ አንዱን አድርጋ ታስገባ፣ ከዚያ ስልክ ትደውል።