ሳያዩ የሚገዙ ብፁዓን ናቸው

ሽንኩርት ሲገዛ አንድ በአንድ እያገላበጠ የሚመርጥ ሕዝብ ነን። የብዙ ሚሊዮን ብር አፓርታማ ሲሆን ግን ጨዋነታችን ይመጣል። ሰው ፊት «ካርታው የታለ?» ማለት ነውር ይሆንብናል። ይህን ጨዋነት ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም።

በተለይ አዲሱን የሪል ስቴት ኢንቨስተር። ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አይታችሁት ይሆናል። መሃል ላይ በመስታወት የተከደነ ማኬት አለ። ከሥሩ ሰማያዊ የተቀባች መዋኛ ገንዳ፣ ዙሪያዋን ክብሪት የሚያካክሉ ዘንባባዎች። ኢንቨስተራችን ጎንበስ ብሎ «የኔ የቱ ነው?» ይላል። የሽያጭ ልጅቷ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዲት መስኮት ታሳየዋለች። በቃ፣ ቤቱን አየ። ቅናሹ ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜም ዛሬ ብቻ ነበር።

አያቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ» ሲሉ ላሚቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለች እንኳ አያውቁም። የኛ ሰው ያውቃል። የፓርኪንግ ቁጥሯም ተነግሮታል።

አይጠይቅም እንዳትሉ፤ ይጠይቃል! ጂም አለው ወይ? ሊፍቱ የየት አገር ነው? የግንባታ ፈቃዱ ስንት ፎቅ ይላል፣ ሊዙ ተከፍሏል ወይ፣ መሬቱ ለባንክ ብድር ተይዟል ወይ የሚሉት ግን የተጠራጣሪ ጥያቄዎች ናቸው። 120 ካሬ ብሎ ከፈረመው ላይ የደረጃና የኮሪደር ድርሻ ተቆጥሮበት እንደሆነም አያጣራም። ኮሪደርም ቢሆን የራስ ሲሆን ደስ ይላል።

ውሉንማ ወድጄለታለሁ። ገዢው ክፍያ ካዘገየ ቅጣቱ በመቶኛ ተሰልቶ ተቀምጧል። ሻጩ ካዘገየስ? «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የምትል አንቀጽ አለች። ሲሚንቶ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ዝናብ ሳይቀር ገብቶባታል። ክረምት በአገራችን ድንገተኛ ነገር ነውና! ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ «የዋጋ ማስተካከያ» የምትለዋን መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበ ሰው አውቃለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 እንዲህ ያለው ውል ፍርድ ቤት ወይም የማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ይደረግ ይላል። ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ማኪያቶ ይዞ መፈረም እያለ ውልና ማስረጃ ማን ወረፋ ይጠብቃል?

ዲያስፖራው ዘመዳችን ከዚህም ይበልጣል። ቨርጂኒያ ሆኖ በቴሌግራም ቪዲዮ ነው የሚገዛው። ጥንቃቄ አጎደለ እንዳይባል እህቱን ልኳል። «እስቲ እታለም፣ ደርሰሽ እይልኝ።» እታለም የቆርቆሮ አጥር ቀርጻ ላከች። አጥሩ ላይ የሕንፃው ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥዕሉ ጀርባ በግ ይጮሃል። «ሰፈሩ አሪፍ ነው፣ ነፋሻ ነው» አለችው። ቅድመ ክፍያው በማግስቱ ገባ።

የአክሰስ ሪል ስቴት ገዢዎች ከፍለው ስንት ዓመት እንደጠበቁ ሁለቱም ሰምተዋል። እሱ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው።

የማኬቱ ኢንቨስተራችን ደግሞ ሒሳብ አዋቂ ነው። «ቤቱ ራሱን በኪራይ ይከፍላል» ብሎ ሶፍት ላይ አስልቷል። ኪራዩን በየስድስት ወሩ ይጨምራል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል ከሚወስነው እንዳያልፍ ማለቱ ሶፍቱ ላይ አልተጻፈም። ቦታ አልበቃ ብሎ ይሆናል።

ሰሞኑን አማቹንም አሳምኖ አስገዝቷል። ለውለታው ኩባንያው ትንሽ ኮሚሽን ቆርጦለት፣ በብሩ የኪችን ካቢኔት አሠርቷል። ልኩን የወሰደው ከብሮሸሩ ላይ ነው። ለጊዜው ካቢኔቱ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል፤ አከራዩ አንሳልኝ እያሉት ነው።