ከየካቲት 14 በኋላ፦ አቃቂና የዳናኔ መንገድ

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። የሚነገረውም የሦስት ቀን ታሪክ ነው። በ1929 ዓ.ም. በዚያች ዓርብ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ፤ የፋሽስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴዜ ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ሦስት ቀን ለቀቀላቸው፤ ሕዝቡ በጥይት፣ በዱላና በአካፋ አለቀ፤ ጎጆው ከነሰዉ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30 ሺህ አድርሶታል። ትረካው ከየካቲት 14 አያልፍም። በእነዚያ ቀናት ተይዞ ያልተገደለው ሰውስ የት ገባ?

ከፊሉ አቃቂ ገባ። ዛሬ ፋብሪካ፣ ኮንዶሚኒየምና የከባድ መኪና ወረፋ የከበቡት አቃቂ ያኔ ከከተማው ውጭ ነበር። እዚያ የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ሲሆን ሥራ የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነው። ወረራው ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ የአገራቸውን አቤቱታ ለውጭው ዓለም ያሰሙት ከዚሁ ጣቢያ ነበር። ከየካቲት በኋላ ያው ቦታ የሰው ማጎሪያ ሆነ። መኳንንቱ፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች፣ ባላቸው ወይም አባታቸው ስለተጠረጠረ ብቻ የተያዙ ሴቶችና ሕፃናት እዚያ ታጎሩ። ለብዙዎቹ አቃቂ የመንገዱ መጀመሪያ ነበር። ከዚያ በጭነት መኪና ተጭነው ለሳምንታት ወደ ምሥራቅ ተጓዙ፤ የወረዱት ከሞቃዲሾ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ዳናኔ ነው።

«ግዞት» እና «ማጎር» የሚሉትን ቃላት በየቦታቸው መጠቀም ያስፈልጋል። በእኛ አገር ግዞት የቆየ ነገር ነው፤ ንጉሥ የተቆጣው መኳንንት ስሙ ተጠርቶ፣ ፍርዱ ተነግሮት አምባ ላይ ይወጣል። ጣሊያኖች ወደ ሰርዲኒያዋ አሲናራ ደሴትና ወደ ሌሎች የጣሊያን ቦታዎች ያጋዟቸው ወደ 400 የሚጠጉ ታላላቅ ሰዎች ለዚህ ይቀርባሉ። እዚያም ቢሆን ሞት ነበረ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ተግዘው በ1933 ዓ.ም. ቱሪን ላይ አርፈዋል። ማጎር ግን ለከብት የምንለው ቃል ነው። የታጎረ ሰው ክስ የለውም፣ ፍርድ የለውም፣ ስለዚህም የሚፈታበት ቀን የለውም። ዳናኔ ይኸው ነበር። ግራዚያኒ በ1928 ዓ.ም. በደቡቡ ግንባር ለሚማረኩት ያቋቋመው ካምፕ ከየካቲት 12 በኋላ በአዲስ አበባ ሰዎች ተሞላ።

እንዲህ ያለ ካምፕ ሰው የሚጨርሰው በጥይት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ «ታሰሩ» የሚለውን ቃል አቅልሎ ያልፈዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ ዳናኔ ደግሞ ባሕሩ ጠርዝ ላይ። በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰውነቱ ንዳድን አያውቅም። ቆላ የተወለደ ሰው ገና በልጅነቱ ደጋግሞ ታሞ ከተረፈ ጥቂት መከላከያ ያበጃል፤ ደገኛው ግን የመጀመሪያው ትኩሳት ራሱ ሊገድለው ይችላል። አያቶቻችን ቆላ ወርደው ማደር የሚፈሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የእስር ቦታውን የመረጠው ሰው ይህን አያውቅም ብሎ ማመን ይከብዳል።

ሁለተኛው ውኃው ነው። የተረፉት ከሚያነሱት አንዱ የዳናኔ ጨዋማ ውኃ ነው። በባሕር ዳር አሸዋ ላይ ጉድጓድ ሲቆፈር ዝናብ ያሰረገው ጨው አልባ ውኃ ስስ ሆኖ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ የባሕሩ ውኃ አለ። ጥቂት ሰው ጥቂት ሲቀዳ ይጠጣል። ሺዎች ከዚያው ሲቀዱ ግን የላዩ ያልቅና ጨዋማው ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ እስረኛው በበዛ ቁጥር ውኃው ይብስበታል። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ጥም አይቆርጥም፤ ጨዉ ከበዛ ኩላሊት እሱን ለማስወጣት ከጠጡት በላይ ውኃ ከሰውነት ይወስዳል፤ ሆድም ይፈታል። ሆዱ የተፈታ ሰው በዚያ ሙቀት ተጨማሪ ብዙ ሊትር ንጹሕ ውኃ ካላገኘ በቀናት ውስጥ ይደርቃል፤ የሚሰጠው ግን ያው ውኃ ነው። ከመጸዳጃው የተነሣው ዝንብ ምግቡ ላይ ሲያርፍ ተቅማጡ ከድንኳን ወደ ድንኳን ይሄዳል። ሕፃናት ይቀድማሉ፤ ሰውነታቸው የሚይዘው ውኃ ትንሽ ስለሆነ ከአዋቂ ፈጥነው ይሟጠጣሉ።

ምግቡም የነቀዘ፣ ትል ያለበት የወታደር ብስኩት ነበር። ትሉን አራግፎ የበላው እንኳ ብስኩት ብቻ እየበላ ሁለት ሦስት ወር ሲቆይ ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ የዳነው ቁስል እንደገና ይከፈታል። አትክልትና ፍራፍሬ ያጣ ሰው በሽታ ነው ይህ። በየቀኑ አንድ ሎሚ ይመልሰዋል።

እዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ታስረው የተረፉት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት የምስክርነት ቃል ወደ ዳናኔ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል ብለዋል፤ ምክንያቱንም የምግቡና የውኃው ክፋት፣ ወባና የአንጀት በሽታ ነው ብለው አስፍረዋል። ከመቶ 49 ማለት ነው። በኋላ አምባሳደር የሆኑት ኢምሩ ዘለቀ ገና ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር እዚያው ታስረው ነበር። ካምፑ የተዘጋው በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ሞቃዲሾን ሲይዙ ነው። በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች ላይ የነበረው የኖክራ እስር ቤትም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

የጠየቀ ፍርድ ቤት አልነበረም። በ1940 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ኢትዮጵያ ካቀረበቻቸው 10 ጣሊያናውያን ውስጥ 8ቱ ሊከሰሱ ይገባል ቢልም አንዱም ተላልፎ አልተሰጠም። ግራዚያኒን የአገሩ ፍርድ ቤት በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት የፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ እሱንም ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አፊሌ በተባለች የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። ለገዳዩ ድንጋይ የቆመለት ዓለም ውስጥ ለታጎሩት አቃቂ ላይ ድንጋይ ማቆም ሊበዛብን አይገባም።

የሚያስቸኩል ምክንያትም አለ። ዓለም በቃኝ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሞበታል፤ ስንት ትውልድ የታሰረበት ግንብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመሬት ጠፋ። የአቃቂ መሬት ዛሬ በካሬ ሜትር የሚፈለግ መሬት ነው። ግንባታ ከመቅደሙ በፊት ቦታው ተለክቶ በከተማው ፕላን ላይ በቅርስነት መስፈር አለበት፤ ቅርስነቱ ያልሰፈረን ቦታ የክፍለ ከተማ ባለሙያ ላስጠብቅ ቢልም የሚይዘው ወረቀት የለውም። ምልክቱ ትልቅ ሐውልት መሆን የለበትም። ጣቢያው መቼ እንደተሠራ፣ ከየካቲት 1929 ዓ.ም. በኋላ ማን እንደታጎረበት፣ ከዚያ ወዴት እንደተወሰዱና ስንት ሰው እንደሞተ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ የያዘ የድንጋይ ጽሑፍ ይበቃል። ቁጥር ሲጻፍ የመስካሪው ስም አብሮ ይጻፍ።

የሚከብደው የስሞቹ መዝገብ ነው። ያኔ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ መቶ ሊደፍን ነው፤ ስለዚህ የሚጠየቁት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ሥራው ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛው ቀን ነው፦ የጣሊያን ወረቀት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይቀነሳል፤ ሁልጊዜ ስምንት የሚቀንስ ሰው ጥቅምት ላይ የሞተውን አንድ ዓመት ቀድሞ ይቀብረዋል። ሁለተኛው አጻጻፍ ነው፦ ጣሊያን የእኛን «ወ» በራሱ «ኡ» ስለሚጽፈው «ወልደ ጊዮርጊስ» በስም ዝርዝሩ ውስጥ የሚገኘው «ኡ» ፊደል ሥር ነው። በ«ወ» ብቻ የፈለገ ዘመድ «አጣሁት» ብሎ ይመለሳል።

ሦስተኛው ግን ከእኛው ከራሳችን ነው። ሬሳ ሳይመጣ ተዝካር ያወጡ ቤተሰቦች የሟቹን ስም ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት በክርስትና ስሙ ነው፤ ቄሱ በጸሎት የሚያነሱት «ወልደ ሚካኤል» ወይም «ወለተ ማርያም» እያሉ ነው። የካምፑ ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ የዓለም ስሙና ማዕረጉ ነው። ሁለቱን ስም የሚያውቁት የቤቱ አሮጊቶች ነበሩ፤ ከእነሱም የቀሩት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የካቲት እስኪደርስ ሳይጠበቅ፣ የየደብሩን የመታሰቢያ መዝገብና የእድሩን ደብተር ይዞ ወደ እነሱ መሄድና ከእያንዳንዱ የክርስትና ስም ጎን የዓለም ስሙን፣ የአባቱን ስምና የተወሰደበትን ሰፈር ማስጻፍ ይገባል። ሴቶቹ በባላቸው ስም ሥር እንዳይገቡ፤ ሕፃናቱም «ልጅ» ተብለው እንዳይታለፉ፣ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመር ይሰጣቸው። ስሙ ያልተገኘለትም መስመሩ ይከፈትለትና የእናቱ ስም ይጻፍበት።