ግራፊክስ ካርዱን ከመግዛታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ሳጥኑን ክፈቱት

"ለአሮጌ ኮምፒውተር አርኤክስ 6400 ግዙ" የሚለው ምክር ግማሹ ልክ ነው። ካርዱ 53 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ግን ዳታ የሚያስተላልፈው በ4 መስመር ብቻ ስለሆነ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 (ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ የቆየ ትውልድ) ያለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይሄ እንዴት ሳይነገር ይታለፋል? እኔ እዚህ አዳማ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቼ ነው የምጠቀመው፣ ፕሮሰሰሩ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል አይ5። ሻጩ "ይሄ ይሻልሃል" ብሎ ባለ 6 ፒን ካርድ፣ ማለትም ከፓወር ሰፕላይ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የሚፈልግ፣ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ፓወር ሰፕላዩ ገመዱ የለውም! በማግስቱ ጨምሬበት በጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ቀየርኩት፣ ባለ 4 ጊጋ ሚሞሪው፣ 75 ዋቱን ከማዘርቦርዱ የሚወስደው (አንዳንዱ ሞዴል ግን እሱም ገመድ ይፈልጋል፣ አይታችሁ)። ሳጥናችሁ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነውን (ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን) ካርድ ጠይቁ፣ ትልቁ ክዳኑን አያስዘጋም።