ማስተካከያ፦ «ለምን 10 አላሉም?» አይባልም

ባለፈው ጽሑፌ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ታካሚዎችን የምትከታተል ነርስ፣ ልማድ ለመለወጥ ያላቸውን ዝግጁነት በቁጥር እንዴት እንደምትጠይቅ አስረድቼ ነበር። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ።

አንደኛው ጥያቄው ላይ ነው። ታካሚው ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ «ሲጋራ ለማቆም 4 ላይ ነኝ» ቢል፣ ነርሷ «ለምን 10 አላሉም?» ትበል ብዬ ነበር። ተገላቢጦሹ ነው። እንዲህ ሲባል ሰውየው ሰበብ መደርደር ይጀምራል፤ ጭንቀቱ፣ ጓደኞቹ፣ ከቡና በኋላ የምትጨሰዋ አንዷ። መባል ያለበት «ለምን 1 ወይም 2 አላሉም?» ነው። ያኔ «ኧረ ልጄን ሳሌ አስጨንቋታል» ይላል። የሚለወጥበትን ምክንያት ራሱ ተናገረው ማለት ነው። ነርሷ እዚህ ጋ ዝም ብላ ትስማ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳፍረኛል። ታካሚው የሚናገረው የዝግጁነት ቁጥር ዝቅ ካለ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ይዘግይ ብያለሁ። ሰርዙልኝ! የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ቫይረሱ መኖሩ ከተረጋገጠ በ7 ቀን ውስጥ እንዲጀመር፣ ዝግጁ ለሆነ ደግሞ በዚያው ቀን እንዲሰጥ ይመክራል። የማጅራት ገትር ምልክት ያለበት ሰው ላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ያ ግን የሕክምና ውሳኔ ነው፣ ከቁጥሩ ጋር አይገናኝም።

መድኃኒቱን ለመጀመር «3» ላይ ነኝ ያለች ታካሚ ዝም ተብላ ወደ ቤት አትሸኝም። እንዳትጀምር ምን እንዳገዳት ትጠየቃለች፦ ቤት ውስጥ የሚያውቅላት ሰው አለ? ክኒኑን የት ታስቀምጠዋለች?