ውዳሴ ለ«በኋላ አስታውሰኝ»

ኮምፒውተር ትዕግሥት የሌለው ፍጡር ነው። ሰው ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ «ማሻሻያ ተዘጋጅቷል፤ አሁን ልጫን?» እያለ ይነዘንዛል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን በማሽን አይታዘዝም። ረጋ ብሎ ማውሱን ያንቀሳቅስና «በኋላ አስታውሰኝ» የምትለዋን ይነካል። ነገም ይነካታል፣ በሳምንቱም ይነካታል። ይህች ጣት እስከ ዛሬ አንድም ሜዳሊያ አለማግኘቷ የዘመኑን ውለታ ቢስነት ያሳያል። በተለይ ሆስፒታል ውስጥ ያለችው። የባንክ ቤቷ ጣት ብትሳሳት የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ የሆስፒታሏ ግን ደፋር ናት፣ የምታስይዘው የሰው ነፍስ ነው።

የዚህን ጥበብ ትልቁን ትምህርት ቤት የከፈቱት እንግሊዞች ናቸው። ብሔራዊ የጤና አገልግሎታቸው ከ1948 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ) ሕዝቡን በነፃ ሲያክም የኖረ፣ ዓለም የሚቀናበት ተቋም ነው። ማርች 14 ቀን 2017 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ውስጥ የነበረን አንድ አደገኛ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። ቀዳዳውን የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ቀድሞ አግኝቶት፣ ሰብሮ መግቢያ መሣሪያም ሠርቶበት ነበር። መሣሪያው ግን ከእጁ አፈተለከና በኤፕሪል ወር ራሳቸውን «ሻዶው ብሮከርስ» የሚሉ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ በተኑት። የዓለም ቁጥር አንድ ሰላይ ጓዳውን መጠበቅ ካቃተው፣ የሆስፒታል ጸሐፊ ምን ዕዳ አለባት?

የጤና አገልግሎቱ የኮምፒውተር ክፍልም ዝም አላለም፤ በማርችና በኤፕሪል «ማሻሻያውን ጫኑ» የሚል አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ ለየተቋማቱ ላከ። «አስቸኳይ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ምን እንደሚደረግ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ገቢ ይሆናል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። ከማርች 14 እስከ ሜይ 12 ድረስ 59 ቀን አለ። የእኛ ሁዳዴ 55 ቀን ቢሆን ነው፤ እንግሊዞቹ ከማሻሻያ በመታቀብ በአራት ቀን በልጠውናል።

ጾሙ የተፈታው ዓርብ ቀን ነበር። «ዋናክራይ» የተባለው ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ማስከፈቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ሜይ 12 ቀን ደረሰ። ይህ ቫይረስ የማንንም ስሕተት አይጠብቅም። ደብዳቤ ክፈቱልኝ፣ እዚህ ጋ ተጫኑልኝ አይልም። ያልተደፈነውን ቀዳዳ ራሱ ፈልጎ ይገባል፣ ያገኘውን ፋይል ይቆልፋል፣ ከዚያም በዚያው መረብ ላይ ወዳለው ጎረቤት ኮምፒውተር ይሻገራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ 150 በሚያህሉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን አዳረሰ።

እዚህ ላይ ስለ ሌቦቹ መስተንግዶ ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። የተቆለፈው ኮምፒውተር ላይ ቀይ መስኮት ብቅ ይላል። ክፍያው 300 ዶላር በቢትኮይን ነው፤ ሦስት ቀን ካለፈ እጥፍ ይሆናል። ሁሉም በግልጽ ተጽፏል፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባል ነገር የለም። ቢትኮይን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማብራሪያ አለ፣ ከየት እንደሚገዛ ለማያውቅም ሌላ ማብራሪያ አለ፣ «ያግኙን» የሚልም ቁልፍ አለ። ክፍያ መድረሱን ለማጣራት የሚመረጠው ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በግሪንዊች ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት መሆኑ ተጠቅሷል። ከድህነት የተነሣ በስድስት ወር ውስጥ መክፈል ላልቻሉ ደግሞ ወደፊት ነፃ አገልግሎት እንደሚዘጋጅ ቃል ተገብቷል። ጽሑፉ በ28 ቋንቋዎች ቀርቧል። አማርኛ የለበትም፤ ይህን ቅሬታዬን በዚህ አጋጣሚ ለሚመለከተው ክፍል አቀርባለሁ።

አሜሪካና እንግሊዝ ዘግየት ብለው ከዚህ ሥራ ጀርባ ያለችው ሰሜን ኮሪያ ናት አሉ። እንደ እነርሱ አባባል ከሆነ ቀዩን መስኮት የጻፈው የመንግሥት ሠራተኛ ነው ማለት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ባለጉዳይ አያስተናግድም ያለ ማን ነበር?

ወደ ታጋሾቹ ልመለስ። በእንግሊዝ ከነበሩት 236 የሆስፒታልና የጤና አስተዳደሮች ቢያንስ 80ዎቹ ተነኩ፤ 595 የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮችም ተጨመሩ። 19 ሺህ ያህል ቀጠሮዎች እንደተሰረዙ ተገምቷል። በአምስት አካባቢዎች ድንገተኛ ሕሙማን በቅርባቸው ያለውን ሆስፒታል እያዩ ወደ ሌላ ተወሰዱ። ኢሜይል በመዘጋቱ ሐኪሞች በግል ስልካቸው፣ በዋትስአፕ ተጠራሩ። ወረቀትና እስክርቢቶም ከመሳቢያ ወጥተው የቀድሞ ክብራቸውን አገኙ። (ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በሚኖሩባት በእስራኤሏ ሐዴራ ከተማ ያለው የሂለል ያፌ ሆስፒታልም በኦክቶበር 2021 በተመሳሳይ ጥቃት ወደ እስክርቢቶ ተመልሷል። እስክርቢቶ ዓለም አቀፍ ነው።)

ከሁሉ የወደድሁት ግን የፍተሻውን ውጤት ነው። ከጥቃቱ በፊት ባለሙያዎች 88 አስተዳደሮችን በየቦታቸው ሄደው የኮምፒውተር ጥበቃቸውን ፈትሸው ነበር። ያለፈ ስንት ነው? አንድም። ይህን የመሰለ ፍትሐዊ ፈተና ከየት ይገኛል? ማንም ስላላለፈ ማንም አላፈረ፣ ማንም በማንም አልቀና። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 «እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ካሉ ያረጁ ሶፍትዌሮች የምትወጡበትን ዕቅድ አዘጋጁ» የሚል ደብዳቤ ከመንግሥት ተልኮላቸዋል። ያም ፋይል ውስጥ በሰላም ዐርፏል።

ጠላት ግን አይጠፋምና «የበጀት ችግር ነው፤ ድሃ ሆስፒታል ምን ያድርግ» እያለ የጣቲቱን ክብር ለገንዘብ ሚኒስቴር ሊሰጥ የሚፈልግ አለ። ይህ ስም ማጥፋት ነው። ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ያረጀው ኤክስፒ የተጫነባቸው አልነበሩም፤ በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ነበሩ። ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ማሻሻያው ከሁለት ወር በፊት በነፃ ወጥቷል። መድኃኒቱ ደጃፍ ድረስ ያለ ዋጋ መጥቶ ነበር። ድህነት እዚህ ውስጥ ምንም ሚና የለውም፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ የጣት ነው።

እርግጥ አንድ ወገን ከዚህ ውዳሴ ላስወጣ ይገባኛል፤ ያለ ሥራቸው ማሞገስ አልወድም። የኤምአርአይ ማሽንን የሚያዝዘው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ የሆስፒታሉ ሳይሆን የሻጩ ኩባንያ ግዛት ነው። ያለ ኩባንያው ፈቃድ የነካው ቴክኒሺያን ዋስትናውን ያፈርሳል። በሽተኛ የተኛበትን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ማሽን «ለማሻሻያ አጥፍቼ ላስነሣው» ማለትም ቀላል አይደለም። እነዚህ ሰዎች የዘገዩት እጃቸው ታስሮ ነው። ውዳሴው የሚገባው እጁ ሳይታሰር ለዘገየ ብቻ ነው።

ቫይረሱን ያቆመው ማን ይመስላችኋል? ኮሚቴ አይደለም። ግብረ ኃይልም አይደለም። ማርከስ ሃቺንስ የሚባል የ22 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ ያውም ዕረፍት ላይ ነበር። ቫይረሱ ማንም ያላስመዘገበውን አንድ ረጅም የኢንተርኔት አድራሻ እየደጋገመ እንደሚጠራ አስተዋለና አድራሻውን በ10 ዶላር ከ69 ሳንቲም አስመዘገበው። አድራሻው መልስ መስጠት ሲጀምር ቫይረሱ መቆለፉን ተወ። ያለ ጨረታ፣ ያለ ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ፣ ያለ ቃለ ጉባኤ በተፈጸመ ግዥ የአንድ መንግሥት ጤና አገልግሎት ሲድን ማየት ለግዥ ክፍል ሰው ምን ያህል አሳፋሪ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ደግነቱ መንግሥት ክብሩን በኋላ አስመልሷል። የጥቃቱ ኪሣራ 92 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ ተሰላ፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ፣ 72 ሚሊዮን ያህሉ፣ ከጥቃቱ በኋላ ሥርዓቱን ለመጠገን የወጣ ነው። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብለዋል። አበው የመንግሥት በጀት አያውቁም ነበር። መጥኖ ለሚደቁስ ማንም አምስት ሳንቲም አይፈቅድለትም፤ ድስት ጥዶ ላለቀሰ ግን ሚሊዮኖች ይለቀቃሉ።

ጎረቤት አየርላንድ ይህን ሁሉ በቅርብ ሆና ስታይ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አየችና የራሷን አሻራ ጨመረችበት። በማርች 2021 አንድ የጤና አገልግሎቷ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣለትን የኤክሴል ፋይል ከፈተ፤ ሰርጎ ገቦቹ በዚያ ገቡ። በወሩ መጨረሻ ፀረ ቫይረሱ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የሌቦቹን መሣሪያ አገኘ። አገኘና ተወው፤ የተስተካከለው እንዲከታተል እንጂ እንዲያግድ አልነበረምና። ሌባውን በሩ ላይ አግኝቶ «ማን ልበል?» ብሎ ስሙን መዝገብ ላይ ካሰፈረ በኋላ በትሕትና የሚያስገባ ዘበኛ ማለት ነው። ሌቦቹ ስምንት ሳምንት ያህል ቤቱን ተዘዋውረው ጎበኙት።

በሜይ 13 የፀረ ቫይረሱ አቅራቢ ድርጅት ራሱ ጨነቀውና «ቢያንስ በ16 ሲስተሞች ላይ እልባት ያላገኘ ችግር አለ» ብሎ ጻፈላቸው። የጥበቃ ክፍሉ የሰጠው መልስ በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነው፦ ሰርቨሮቹ ጠፍተው እንዲነሡ ለሰርቨር ክፍሉ ነገረ። በነጋታው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በመላ አገሪቱ የጤና ኮምፒውተሮች ተቆለፉ። ኋላ የወጣው ገለልተኛ ምርመራ እንደገለጸው፣ ተቋሙ ከ30 ሺህ በላይ በሆኑ ኮምፒውተሮቹ ላይ ማይክሮሶፍት በ2020 መጀመሪያ የተሰናበተውን ዊንዶውስ 7 ይዞ ነበር። ለኮምፒውተር ደኅንነት በበላይነት የሚጠየቅ አንድ ሹምም አልነበረውም። ይህም ብልህነት ነው፤ ያልተሾመ ሰው አይሻርም።

«ኮንቲ» የተባሉት ሌቦች 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጠየቁ። መንግሥት አልከፍልም አለ። ሌቦቹ በሳምንት ውስጥ መክፈቻውን በነፃ ሰጡ። ቁልፉ በእጅ እያለ ሰርቨሮቹ ሁሉ የተፈቱት በሴፕቴምበር ማብቂያ አካባቢ ነው። አራት ወር መሆኑ ነው። ነፃ ማሻሻያ ለመጫን የሚዘገይ ቤት ነፃ ቁልፍ ሲሰጡትም እንደማይቸኩል ከዚህ ይማሯል።

በጁን 2024 ደግሞ ተራው የለንደን ደቡብ ምሥራቅ ሆነ። ለትልልቆቹ ሆስፒታሎች የደም ምርመራ የሚሠራው ሲኖቪስ የተባለው ድርጅት «ቂሊን» በሚባሉ ሌቦች ተመታ። የደም ዓይነት ማመሳከር በመጓተቱ ለአብዛኛው በሽተኛ ሊሰጥ የሚችለው የኦ ደም ተፈላጊ ሆነና ለጋሾች ቶሎ እንዲመጡ ጥሪ ተላለፈ። በጣም በተጎዱት ሁለት የሆስፒታል አስተዳደሮች ብቻ ከ10 ሺህ በላይ የተመላላሽ ቀጠሮዎችና 1,710 ቀዶ ጥገናዎችና ሕክምናዎች ወደ ሌላ ቀን ተሸጋገሩ። በዚህ ጊዜ «በኋላ» የተባለው ኮምፒውተሩ ሳይሆን በሽተኛው ነው። ከዓመት በኋላ የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል አንድ ሕመምተኛ መሞቱን፣ ለሞቱ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱም የደም ምርመራ ውጤቱ በጥቃቱ ሳቢያ ለረጅም ጊዜ መዘግየቱ እንደሆነ አረጋገጠ። ለዚህኛው ውዳሴ የለኝም፤ አልፈዋለሁ።

እኛስ? እኛ ለጊዜው በካርድ ክፍላችን ተጠብቀናል። የየትኛውም አገር ሰርጎ ገብ የካርድ ክፍላችንን ሊቆልፈው አይችልም፤ ካርዱ የት እንዳለ ባለቤቱም አያውቀውምና። ነገር ግን ሆስፒታሎቻችን አንድ በአንድ ወረቀቱን እየተዉ ወደ ኮምፒውተር መግባት ጀምረዋል፤ ዝግጅቱም የሚያስመሰግን ነው። የይለፍ ቃሉ እንዳይረሳ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። የአንዷ ነርስ መግቢያ ለተረኛው ሁሉ ያገለግላል፤ የሥራ ባልደረባን መጠራጠር ከባህላችን ውጭ ነው። ዊንዶውሱ ከየትም ተገልብጦ የተጫነ ስለሆነ ማሻሻያ ቢመጣም «ይነቃብናል» ተብሎ ከነአካቴው ተዘግቷል፤ እንግሊዞቹ ሁልጊዜ በጣት የሚደክሙበትን እኛ አንድ ጊዜ ዘግተን ተገላገልን። የሌብነት ጥቃት ቢመጣ የሚያድነው ከመረብ ውጭ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ ነው ብሎ የኮምፒውተር ባለሙያው አንድ ተጨማሪ ዲስክ ቢጠይቅ፣ በመስከረም «በጀቱ ገና አልተለቀቀም»፣ በግንቦት «በጀቱ አልቋል» ይባላል። በሰኔ ደግሞ የተረፈ ገንዘብ ይገኝና መጋረጃ ይገዛበታል።

ተቆጣጣሪ መጥቶ ቢጠይቅም የምንመልሰው አናጣም።

«መጠባበቂያ ቅጂ አላችሁ?»

«እንዴታ ጌታዬ! በየቀኑ እንገለብጣለን።»

«የት ነው የምታስቀምጡት?»

«እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሲ ላይ ያለውን እንዳለ ዲ ላይ እንደግመዋለን።»